ለብቻ ወይስ ከሰው ጋር? የውጭ ሰው በአምቦ እንዴት ይሄዳል፣ በስንትስ ይኖራል

አንድ የውጭ አገር ሰው ሥራ አግኝቶ ወደ አምቦ ቢመጣ በወር ስንት ይበቃዋል? ይህን የሚጠይቁኝ ወዳጆች በዝተዋል። አንዷ ውጭ አገር ያደገች የእህቷ ልጅ ልትመጣባት ነው። ሌላው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከሕንድ መምህራን ጋር ይሠራል። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አጎቱ ከአሜሪካ ተመልሰው እዚያው በተወለዱበት አገር መኖር ይፈልጋሉ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ስለሚመለሱ እሳቸውም ለዋጋው እንግዳ ናቸው። ለሁላችሁም አንድ ቁጥር ብሰጣችሁ ሁለት ወር ሳይሞላው ያረጃል። ቁጥሩ የሚወጣበት መንገድ ግን ቶሎ አያረጅም። እሱን ያወቀ ሰው የዕለቱን ዋጋ በግማሽ ቀን ራሱ ጠይቆ ይደርስበታል።

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ነገር ይኸው ነው፦ አምቦን ጨምሮ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የዕለት ኑሮ የተሠራው ለመጋራት ነው። የመኪናው ወንበር በሰው ይሸጣል፣ ባጃጁ ሦስት መንገደኛ ይይዛል፣ ግቢው አምስት ቤተሰብ ያኖራል፣ በሬው እንኳ በዓል ሲመጣ ለብዙ ቤት ይከፈላል። የውጭ ሰው ወጪ የሚያብጠው «ለብቻዬ» ባለበት ቦታ ሁሉ ነው።

ከመንገዱ ልጀምር። አዲስ አበባን በአስኮ በኩል የሚለቀው የምዕራቡ አስፋልት በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ ይገባል፤ ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ ወደ ነቀምት ይዘልቃል። ጤፉም፣ ተማሪውም፣ ታማሚውም፣ አምቦ ውሃውም የሚመላለሰው በዚሁ አንድ መንገድ ነው። እንግዳው ጉዞውን የሚጀምረው ከአስኮ መናኸሪያ ነው፤ እዚያ አውቶቡስ፣ ቅጥቅጥና ሚኒባስ ያገኛል።

የመኪናው ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሲታወቅ ግን ግልጽ ነገር ነው። ታሪፍ የሚሰላው ለአንድ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ነገር ይለውጠዋል። አንደኛው የመኪናው ደረጃ ነው፤ የተሻለ መቀመጫ ያለው ከፍ ይላል። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ ጠጠር መንገድ ጎማና ፍሬን ስለሚበላ በኪሎ ሜትር ከአስፋልት ይበልጣል። ከአዲስ አበባ አምቦ ዓይነቱን ክልል የሚያቋርጥ መስመር የሚመለከተው የፌዴራሉ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ነው፤ ከአምቦ ጌዶ ወይም ከአምቦ ጊንጪ ያለው ደግሞ በኦሮሚያ ክልል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ይወድቃል። በዚህ ስሌት ውስጥ የተሳፋሪው ዜግነት የሚገባበት ቦታ የለም። ከኖርዌይ የመጣችውም ከቶኬ ኩታዬ ወረዳ የመጡት እናትም ለአንድ ወንበር እኩል ነው የሚከፍሉት። ጋቢና የተቀመጠም ከኋላ የተቀመጠም ያው ነው። ስለዚህ ለእንግዳችሁ የመጀመሪያው ስንቅ የመስመሩ ታሪፍ ነው፤ ከመናኸሪያው ሰሌዳ ወይም ከትኬት ቆራጩ ጠይቃችሁ ያዙለት።

ታዲያ ትርፍ ገንዘብ የሚወጣው የት ላይ ነው? አንዱ ጣራ ላይ የሚወጣ ሻንጣ ነው። የጭነት ዋጋ ከወንበሩ ለየብቻ ስለሚታይ መነጋገር ሻንጣው ከመሬት ሳይነሳ ነው፤ ከወጣ በኋላ መከራከር ከንቱ ድካም ነው። ሌላው የበዓል ዋዜማና ተማሪ የሚገባበት የሚወጣበት ሳምንት ነው፤ ያን ጊዜ መኪና ይጠፋል፣ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅም ይበዛል። ሁሉንም የሚበልጠው ግን ሰዓት ነው። እንግዳው «12 ሰዓት ላይ ይነሳል» ሲባል እኩለ ቀን መስሎት ምሳውን በልቶ ይመጣል፤ መኪናው በንጋት ሄዷል። ማታ ደግሞ የሕዝብ ማመላለሻ አገር አያቋርጥም። ወደ ትንንሾቹ ከተሞች የሚሄደው የመጨረሻ መኪና ከሰዓት በኋላ በጊዜ ስለሚወጣ ያመለጠው ሰው ወይ አልጋ ይከራያል ወይ ሙሉ መኪና ኮንትራት ይይዛል። አንድ የሰዓት አለመግባባት የአሥር ሰው ታሪፍ ያስከፍላል ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣባችሁ የእኛን ሰዓት ከሁሉ አስቀድማችሁ አስተምሩት፤ ከሰላምታውም በፊት ቢሆን አይከፋም።

ኮንትራት ለምን እንደሚወደድ ብዙ ፈረንጅ በቅንነት አይገባውም፤ ያጭበረበሩት ይመስለዋል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ባጃጅ በሕጉ ከኋላ የሚጭነው ሦስት ሰው ነው። በመስመር የሚሠራው ባጃጅ ከመናኸሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ወይም ወደ ገበያው ሲሄድ መንገድ ላይ ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ሲመለስም ባዶውን አይመለስም። ኮንትራት የያዘ ሰው ሦስቱንም ወንበር ይገዛል፤ የሚሄድበት ሰፈር መንገደኛ የሌለበት ከሆነ የባዶ መልሱንም ይከፍላል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሒሳብ አራት አምስት እጥፍ ቢሆን ሌብነት ነው ብሎ መጮህ ተገቢ አይደለም። አሥር እጥፍ ከሆነ ግን ያ የፈረንጅ ዋጋ ነው፤ እሱን እኔም አልደግፈውም፤ ለከተማው ስምም አይበጅም።

በባንኮክ ወይም በኩዋላ ላምፑር የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ከዚህ ድርድር ያመለጡት በስልክ ነው። ግራብ የተባለው መተግበሪያ ሳይሳፈሩ ዋጋውን ያሳያቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ራይድና ፈረስ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አምቦ ላይ ግን ስልክ ሳያስፈልግ ያንኑ የሚሠራልን መስመሩ ነው። ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጎን ተቀምጦ እነሱ የከፈሉትን የሚከፍል፣ ሲደርስም «ወራጅ አለ» ብሎ የሚወርድ እንግዳ ዋጋ ላይ የሚከራከረው ሰው የለም። አጠገቡ የተቀመጡት ምስክሮቹ ናቸው። እኔ እንደማየው ይህ ከመተግበሪያው ይበልጣል፤ እግረ መንገዱን ጎረቤት ያስተዋውቃል።

ሁሉም ነገር በታሪፍ ይገዛል ማለቴ ግን አይደለም፤ ከታሪፉ ጀርባ ነዳጅ አለ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። መንግሥት ድጎማውን ቀስ በቀስ ሲያነሳ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ ጨምሯል። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር በኩል የታለመ ድጎማ ስለተሰጠ የመናኸሪያው ታሪፍ የጭማሪውን ጉልበት ሁሉ አልተሸከመም። የባጃጁ ነገር ይለያል። በክልል ከተሞች ማደያው ቤንዚን የሌለው ቀን ባለባጃጁ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው ይገዛል፤ ያም ከማደያው ዋጋ እጅግ የራቀ ነው። ትናንት የከፈለውን ዛሬ የጨመሩበት እንግዳ መጀመሪያ ቤንዚን እንዳለ ይጠይቅ።

ሌላም ሳልነግራችሁ የማላልፈው አለ። ካለፉት ዓመታት ወዲህ በምዕራብ ሸዋ ዞን ባለው የጸጥታ ችግር አንዳንድ መስመር አንዳንድ ቀን አይሠራም። ከዋናው አስፋልት ወደ ወረዳዎቹ የሚገቡት መንገዶች ላይ ይህ ይብሳል። መኪና ሲቀንስ የቀረው ይወደዳል፤ ጭነት ሲዘገይ ሱቅ ውስጥ ያለው ሳሙናና ዘይት ይጨምራል። እንግዳው የሚሄድበትን መንገድ በዚያው ቀን ከመናኸሪያው ሹፌሮችና ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቅ አይነሳ። ይህ ከገንዘብም በላይ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ግን የወንጪን ሐይቅ ሳያይ የሚሄድ እንግዳ እንዳይኖር እለምናለሁ። ሐይቁ ከአምቦ በስተደቡብ፣ ከአምቦ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ የወንጪ መንደር ነው። እዚያ ፈረሱም አስጎብኚውም በአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር በተራ የሚወጣበት ልማድ ነበረ፤ ያ እስካለ ኪስ የሚያራቁት ድርድር አይገጥምም። ለውጭ ዜጋ መግቢያው ሊለይ ይችላል፤ ይህ በብዙ የአገራችን ፓርኮችና ሙዚየሞች የተለመደና በደረሰኝ የሚከፈል ነው። በደረሰኝ የሚከፈለውን ልዩነት መንገድ ላይ ከሚጠየቀው «የፈረንጅ ዋጋ» ጋር አንድ አድርጎ የሚቆጣ እንግዳ ሲገጥማችሁ አስረዱት።

አሁን ወደ ቤቱ። አምቦ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከዋናው ግቢ ሌላ በሃጫሉ ሁንዴሳ ስም የተሰየመው ካምፓስ አለ፤ ጉደር ላይ የማሞ መዘምር ካምፓስ፣ ወሊሶም ሌላ አለው። የኪራይ ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ነው፤ መምህሩም፣ ሠራተኛውም፣ ከግቢ ውጭ የሚያድረው ተማሪም አንድ ዓይነት ክፍል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትምህርት ሲከፈት ቤት መፈለግ ማለት በጣም ውዱን ሳምንት መርጦ መፈለግ ነው። ጉደር የሚያስተምር ሰው አምቦ መኖር ግድ የለበትም፤ መካከላቸው ያለው አሥር ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ካለው ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ደላላው አይነግረውም፣ ጎረቤት ግን ይነግረዋል።

የቤት አከራይ ለውጭ ሰው የሚጠይቀው ትልቁ ነገር ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት። እንግዳው ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አዋጁ በክልሎች ተግባራዊ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ ስለዚህ ውሉን ከመፈረም በፊት የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ ዋጋ አለው። የቃል ውል ከተገባ ግን በዓመቱ «እህቴ ልትገባበት ነው» ሲባል የሚያዝ ነገር የለም።

መጋራት የሚጎዳበት አንድ ቦታ ቢኖር የመብራት ቆጣሪ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የኤሌክትሪክ ታሪፋችን ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚወደድበት ነው። አምስት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በየግላቸው ትንሽ ቢጠቀሙም ድምራቸው ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ከሚከፍሉት በላይ ይከፍላሉ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ስለተወሰነ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። እንግዳው ደግሞ ምድጃውም፣ ማሞቂያውም፣ ላፕቶፑም በመብራት ነው። ስለዚህ ቤት ሲያይ ከግድግዳው ቀለም በፊት የሚጠይቀው «ቆጣሪው የግል ነው?» መሆን አለበት። ሁለተኛው ጥያቄ ውሃ ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ ካለ ውሃ በጠፋበት ሳምንት ከጄሪካን ግዢ ይድናል።

ለመጠጥ ደግሞ የታሸገ ውሃ በየቀኑ የሚገዛ ሰው በወሩ መጨረሻ የሚያየው ሒሳብ ከባጃጁ ይበልጣል። አፍልቶ ማጣራት ወይም ውሃ አጋር የተባለውን ማከሚያ መጠቀም ያንን ወጪ ከነጭራሹ ያስቀራል። አምቦ ውሃ ሌላ ነገር ነው። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታሸገ የሚወጣው ያ ጋዛም ውሃ ከዚያው ምድር ነው የሚፈልቀው፤ ከተማዋም ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችው በውሃዋ ፈዋሽነት ነው። በሳጥን የሚገዛ ሰው ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ይሂድ፤ ጠርሙስ የሌለው መያዣ ይጠየቃል።

ወደ ገበያ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ይጣፍጣል፤ ዋጋውን የሚሠራው ከፍታው ስለሆነ። ሆለታ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ድንችና ገብስ፣ ወተትም የሱ ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በድንች ዝርያ የታወቀው በምክንያት ነው። ጊንጪ ሲደረስ መሬቱ ይጠቁራል፤ ያ ክረምት የሚያጣብቅ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ጤፍና ሽንብራ ያበቅላል። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትቀመጣለች፤ ጤፉም ስንዴውም ዙሪያዋን ነው፤ ቶኬ ኩታዬ ላይ እንደ እንድሪስ ባሉ የመስኖ አውታሮች ሽንኩርትና ድንች በበጋም ይመረታል። ጌዶ እንደገና ደጋ ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ባኮ 1,650 ሜትር አካባቢ ላይ ሲያርፍ በቆሎ፣ ማንጎና ሸንኮራ ይመጣል። የአገሪቱን የበቆሎ ዝርያዎች ካወጡት ዋና ማዕከላት አንዱ ባኮ መሆኑን አስታውሱ። በወንጪ በኩል ደግሞ እንሰትና ቆጮ አለ።

ይህን የምደረድረው ለጂኦግራፊ ፈተና ስለምታጠኑ አይደለም። እንግዳችሁ ማንጎ አምቦ ላይ ከሚገዛ ባኮ ደርሶ ሲመለስ ቢይዝ፣ ድንችም ከጀልዱ ወረዳ ወይም ከሆለታ በኩል የገባ ቀን ቢገዛ የዋጋው ልዩነት አፍ ያስከፍታል። በአንድ መኪና የግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ የተለያየ የአየር ንብረት አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ ርካሽ ነገር አለው።

ወቅቱም እንደዚያው። ጤፍ ከታጨደና ከተወቃ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ጥቂት ወራት ይረክሳል፤ ነሐሴ ላይ ጎተራ ሲጎድል ይወጣል። በሁዳዴ እንቁላልና ቅቤ የሚፈልገው ሰው ያንሳል፤ የፋሲካ ዋዜማ ግን ዶሮና ቅቤ የሚያስደነግጥ ዋጋ ይጠራባቸዋል። ጾሙን የማይጾም እንግዳ ከዋዜማው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢገዛ ብዙ ያተርፋል።

ገበያ ላይ አትክልት በመደብ ይሸጣል። የአንድ መደብ ዋጋ ለሁሉም አንድ ስለሆነ እንግዳው በብር አይከራከር፤ «መርቂልኝ» ይበል። ዋጋ ከመቀነስ አንድ ቲማቲም መጨመር ለሻጯ ይቀላታል፤ ፊቷም ይፈታል። በአፋን ኦሮሞ «ሜቃ?» ብሎ ዋጋ የጠየቀና እስከ አሥር የሚቆጥር ሰው ደግሞ እንደ መንገደኛ መታየቱ ያበቃል። ይህን ከቁጠባ ዘዴ ሁሉ አስቀድመዋለሁ፤ ሁለት ማታ የሚፈጅ ትምህርት ነውና።

የሕንዱን መምህር አስቡት። ምስርና ሽንብራ ከደጁ ያገኛል፤ እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ድንብላሉ ገበያ አለ፤ አትክልቱ ትኩስ ነው፤ ሥጋ የማይበላ ከሆነም በሁዳዴ ከተማው ሙሉ የጾም ምግብ ይሠራለታል። ወጪው የሚከብደው ሩዝ ላይ ነው፤ አገር ውስጥ ፎገራ ላይ ቢመረትም ሱቅ የሚሞላው አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ከዶላር ጋር ይወጣል። አንዲት አውሮፓዊት ደግሞ የፈረንጅ አይብ፣ የቁርስ እህል፣ የታሸገ ቱና ስትፈልግ አዲስ አበባ ድረስ ትሄዳለች፤ የመኪናውን ስትደምርበት የአንድ ሳምንት አስቤዛ የወር ይሆናል። ማኪያቶ፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሽሮ ከለመደች ግን ቁርስና ምሳዋ ከተማዋ ውስጥ አለቀ። ምግብ ቤት ስትገባ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑን ትጠይቅ፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ላይ የአገልግሎት ክፍያም ይጨመራል።

ስለ ቅርጫ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ለበዓል ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ገዝቶ፣ አርዶ፣ ሥጋውን፣ ጉበቱን፣ አጥንቱን ሁሉ በእኩል መደብ አድርጎ በዕጣ ሲካፈል እንግዳው አንድ መደብ መግባት ይችላል። ከሥጋ ቤት በኪሎ ከሚገዛው ይረክስለታል፣ የሚበላውም የት እንደበላ የሚታወቅ የሰፈር በሬ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈሩ ስሙ ይታወቃል። ባጃጁም፣ ባለሱቁም፣ ወፍጮ ቤቱም በሌላ ዓይን ያዩታል። ማንም ካልጠራው ግን በራሱ ሊገባ አይችልም፤ የመጥራቱ ነገር የእናንተ ነው።

አሁን ምንዛሪውን እንይ፤ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት እንግዶች የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ130 በላይ ነበር። በወር 13,000 ብር ለቤትና ለምግብ የሚያወጣ ሰው በድሮው ምንዛሪ 228 ዶላር ይመነዝር ነበር፤ በ130 ሒሳብ 100 ዶላር ይበቃዋል። ዋጋው ስለጨመረ ያው 13,000 ብር ያንኑ አይገዛም፤ ቢሆንም ደሞዙ በዶላር የሚታሰብለት ሰው እፎይ ብሏል። በብር የሚከፈለው የውጭ ዜጋ ወይም በብር ጡረታ የሚኖረው ተመላሽ ያን እፎይታ አላገኘም፤ የጨመረው ዋጋ ብቻ ደረሰው። ስለዚህ «የውጭ ሰው ነው፣ አለው» ብሎ መፍረድ ትክክል አይደለም፤ የሚከፈለው በምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በሌላ በኩል ያ ዶላር ያለው እንግዳ «አገራችሁ ርካሽ ነው» ሲል አብሬ ልደሰት አልችልም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደሞዝ 6,000 ብር ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር 11,500 ብር ያገኛል፤ ከግብርና ከጡረታ መዋጮ በፊት ማለት ነው። ለእንግዳው የእራት ሒሳብ የሆነው ለአስተናጋጇ የሳምንት አስቤዛ ሊሆን ይችላል። ኪራይ የተጠየቀውን ሁሉ ሳይከራከር የሚከፍል እንግዳም ደግ የሠራ መስሎት የጀማሪውን አስተማሪ ቤት ያስወድድበታል፤ በሚቀጥለው መስከረም አከራዩ ያንን ዋጋ ይዞ ይጠብቃልና። ትክክለኛውን ዋጋ መክፈል ለራሱ ኪስ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ እንግዳ የሚመጣባችሁ ከሆነ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ኮንትራት ይዞ ከመሄድ የበለጠ የሚጠቅመው ነገር አለ። ከአስኮ አምቦ የወቅቱን ታሪፍ፣ ከመናኸሪያ እስከ ቤቱ በመስመር የሚከፈለውን የባጃጅ ሒሳብ፣ የአንድ ኪሎ ቡና፣ የጤፍና የሽሮ ዱቄት የዚያን ሳምንት ዋጋ በአንዲት ወረቀት ጻፉለትና በመጀመሪያው ማታ ስጡት። በማግስቱ ባጃጅ አብራችሁት ተሳፈሩ፤ ሒሳቡን ግን እሱ ይክፈል።